የብራናው ፍሬቻ

በሬዬ ቦራ በዘጠኝ ዓመት ዕድሜው ሰው ወግቶ አያውቅም። በዚህ ዓመት በጥቅምት መጀመሪያ፣ ሰኞ ረፋድ ላይ ግን ሞተር ሳይክል ወጋ።

ሞተሩ የሀይማኖት ነበር። በእርግጥ ንብረትነቱ የመንግሥት ነው፤ ነገር ግን ከእርሷ በቀር የሚነዳው ስለሌለ ሀገሩ ሁሉ «የሀይማኖት ሞተር» ይለዋል። ሀይማኖት በስማዳ የከብት ሐኪም ናት፤ የአባ ሰንጋ ክትባት ይዛ ከወገዳ እየተነሣች ከአጥቢያ አጥቢያ የምትዞር፣ ንግግሯ ቁጥብ፣ እጇ ፈጣን የሆነች ልጅ። ያን ዕለት ግቢዬ ገብታ ሞተሩን ከገለባው ክምር አጠገብ አቆመችና መርፌዋን አዘጋጀች። በሬውን በገመድ መያዝ የኔ ድርሻ ነበር፤ ያዝሁትም። ነገር ግን መርፌው አንገቱን ሊነካ ሲል ጥምጥሜ ወደ ዓይኔ ወረደብኝና እርሱን ላቃና አንድ እጄን ከገመዱ አነሣሁ። በዚያች ቅጽበት ቦራ ዘለለ፤ ገመዱ ከመዳፌ አመለጠ። ከፊቱ ያገኘውን ሞተር በቀንዱ መትቶ ጣለው፤ ረገጠው፤ ገልብጦም በሌላው ጎኑ አስተኛው። ሲበቃው ወደ ክምሩ ሄዶ ገለባ መብላት ጀመረ።

ሀይማኖት ሞተሩን አንሥታ አስነሣችው። ጎማውም፣ ፍሬኑም፣ የፊት መብራቱም ደኅና ነበሩ። የተሰበሩት ፍሬቻዎቹ ብቻ ናቸው፤ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ መታጠፍን የሚያመለክቱት፣ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ የሚቀመጡት ትንንሽ መብራቶች። ቦራ አንዱንም ሳይረሳ አራቱንም አድቅቋቸዋል። እኔ እፎይ አልሁ። እርሷ ግን ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«የኔታ፣ ሐሙስ በመካነ ኢየሱስ የተሽከርካሪ ምርመራ አለ» አለችኝ።

«ታዲያ ይሄዳል አይደል?»

«ይሄዳል፤ ግን ያለ ፍሬቻ አያልፍም። ያላለፈ ደግሞ ወደ ደብረ ታቦር ተጭኖ ይሄዳል። መቼ እንደሚመለስ የሚነግርዎ ሰው የለም።»

«አዲስ ፍሬቻ ከገበያ አይገኝም?»

«እዚህ የለም። ከባሕር ዳር ላዝዝ እችላለሁ፤ ሲፈጥን በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ይደርሳል።» ከዚያም ወደ ገደሉ አፋፍ ተመለከተች። «ለገደል ሥር አጥቢያዎች የመጣው ክትባት ወገዳ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። በበረዶ ሣጥን ሲወጣ ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም። በእግር አንድ ቀን ሙሉ ነው መንገዱ፤ ስደርስ በረዶው ውኃ ሆኖ ክትባቱ ይበላሻል።»

ከዚህ በላይ ልታስረዳኝ አላስፈለጋትም። ባለፈው ዓመት ክትባቱ ሳይደርስ ቀርቶ ከገደሉ ሥር ከሠላሳ የሚበልጡ በሬዎች በአንድ ሳምንት ወድቀዋል። የወደቀውን ሥጋ የበሉ ሁለት አባወራዎችንም እኔው ራሴ በፍትሐታቸው ቆሜ ሸኝቻቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ፣ በሬ ጠፍቶ ሳይታረስ የቀረውን ማሳቸውን ከአፋፉ ሆኜ አይ ነበር።

«በሬው የኔ ነው፤ ገመዱንም የለቀቅሁት እኔ ነኝ። ፍሬቻውን እኔ እሠራዋለሁ» አልኋት።

በርኅራኄ አየችኝ። «የኔታ፣ እርስዎ የሚሠሩት ብራና ነው።»

«ፍሬቻስ ምንድን ነው?»

«መብራት ነው። ብልጭ ድርግም የሚል፤ ብርቱካን መልክ ባለው ፕላስቲክ የተሸፈነ።»

«እንግዲያው ሽፋኑን ለኔ ተዪው። መብራቱን ለጥጋቡ እንሰጠዋለን።»

ጥጋቡ በወገዳ ገበያ ዳር ሬዲዮና የሶላር መብራት የሚጠግን ባለ ሱቅ ነው። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት በዜማ ቤቴ ተማሪዬ ነበር። ድምፁ መልካም ነበር፤ ጠባዩ ግን ያገኘውን ሁሉ ፈትቶ ማየት ነው። አንድ ቀን ከቤት ስወጣ ጠብቆ ሬዲዮኔን ፈታው፤ መልሶ መግጠም ሲያቅተው ቍርጥራጩን በነጠላው ጠቅልሎ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ በገበያ ስንተላለፍ እርሱ አንገቱን ይደፋል፤ እኔ አላየሁም እላለሁ። በዚያ ሰኞ ግን ከሀይማኖት ጋር ሱቁ በር ላይ ቆምሁ።

መበየጃ ካውያውን ከእጁ አስቀመጠና ተነሣ። «የኔታ፣ ለሬዲዮኑ ነው የመጡት?»

«ሬዲዮኑን ይቅር ብየሃለሁ። ያቋረጥኸውን ዜማ ግን ገና ይቅር አላልሁም።»

«ዜማው እንኳ ባይጠገንም ሬዲዮኑ ይጠገናል» ብሎ ሳቀና ወንበር ሰጠን።

ነገሩን ሲሰማ ከመደርደሪያው ሥር የተበላሹ የሶላር መብራቶች የሞሉበትን ካርቶን ጎትቶ አወጣ። ባትሪያቸው ቢሞትም በውስጣቸው የሚገኙት የኤል ኢ ዲ ፍሬዎች በሕይወት ነበሩ፤ እያንዳንዱ የስንዴ ቅንጣት ያህላል። አሮጌው አምፖል ሙቀትና ንዝረት እንደሚገድለው፣ እነዚህ ግን ጥቂት ኃይል በልተው ብዙ እንደሚያበሩ አስረዳኝ። ሦስት ሦስቱን አያይዞ፣ ኃይል የምትቀንስ ትንሽ ዕቃ ፊታቸው አድርጎ ከሞተሩ ባትሪ ጋር አገናኛቸው። ሲበሩ ሱቁ ሁሉ ነጭ ሆነ። ማቀፊያቸውም ከቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ተቆረጠ፤ የቆርቆሮው ውስጥ ስለሚያንጸባርቅ ብርሃኑን ወደ ፊት ይገፋዋል።

«ነጭ ፍሬቻ ግን አያሳልፉም። መልኩ የታወቀ ነው» አለች ሀይማኖት።

በማግሥቱ ማክሰኞ ሥራው የኔ ሆነ። ከዐርባ ዓመት በላይ የፍየል ቆዳ ስፍቅ ኖሬአለሁና፣ ሲፋቅ ከልክ በላይ ሳስቶ ለጽሕፈት የማይሆን ትራፊ በቤቴ አይታጣም። ፊደል ያላረፈበት ብራና ገና ቆዳ ነው፤ ለዚህ ሥራ ማዋሉም ነውር የለበትም። ወደ ፀሐይ ስይዘው የጣቴ ጥላ ከጀርባው ይታያል። በእርድ ነከርሁት፤ ገና ሳይደርቅ ለመጽሐፍ አርእስት ከምበጠብጠው ቀይ ቀለም ጠብታ ጨመርሁበት። የመጀመሪያው እንደ ሽሮ ገረጣ። ሁለተኛው ከመጠን በላይ ቀላ፤ ጥጋቡ አይቶ «ይህ ፍሬቻ ሳይሆን ፍሬን ነው» አለኝ። ሦስተኛው ከብርሃኑ ፊት ሲቆም የበሰለ ብርቱካን መሰለ። ቆዳ ውኃ ሲነካው እንደሚላላ ስለማውቅ የጧፍ ቍራጮች አቅልጬ በሁለቱም ገጽ ሰም አጠጣሁት። ሰሙ ውኃውን ከመከልከሉም በላይ ብራናውን ይበልጥ አጠራው። ከዚያ በቆርቆሮው አፍ ላይ ወጥሬ፣ መጽሐፍ እንደሚጠረዝ በጅማት ሰፋሁት።

ብርሃንና መልክ ተገኙ። ምቱ ግን እምቢ አለ። ብልጭታውን የምትቆጣጠረው የሞተሩ ትንሽ ሣጥን የለመደችው ብዙ ኃይል የሚበላውን አምፖል ነበር። እነዚህ ቅንጣቶች ሲቀልሏት እንደ ፈራች ወፍ ልብ ትርገበገብ ጀመር። ሀይማኖት ከስልኳ ሕጉን አነበበችልን፤ በደቂቃ ከስድሳ ማነስ፣ ከመቶ ሃያም መብለጥ የለበትም። ጥጋቡ ያችን ትቶ ከሬዲዮ ቍርጥራጭ ሌላ ሣጥን ሠራ። የምቱን ርዝመት የሚወስን አንድ ክፍል ግን መለዋወጥ ነበረበት፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚያውቀው ሞክሮ ብቻ ነው።

«ተው፣ እኔ እመታልሃለሁ» አልሁት። በሱቁ ደፍ ላይ ተቀመጥሁና ለዝግታ ዝማሜ በምንመታበት ልክ መቋሚያዬን ድንጋዩ ላይ ማሳረፍ ጀመርሁ። ዐርባ ዓመት ማኅሌት የመራ እጅ እንኳን በቀን በሕልሙም አይስትም።

ጥጋቡ አንዱን ክፍል ገጠመ። «ፈጠነ» አልሁ።

ሌላውን ገጠመ። ብልጭታው ተጎተተ። «ይህስ የቀብር ነው። በዚህ ምት የሚሄድ ሞተር ሬሣ ይዞ መሆን አለበት።»

ሀይማኖት ፈገግ አለች፤ ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያ ፈገግታዋ ነበር። ጥጋቡ አምስተኛውን ገጠመ። መቋሚያዬ ስታርፍ ብርሃኑ በራ፤ ስትነሣ ጠፋ። ስታርፍ በራ፤ ስትነሣ ጠፋ። ቀና ስል የጥጋቡ ትከሻ ከምቱ ጋር ወዲያና ወዲህ ሲል አየሁት፤ ራሱ አላወቀውም። ሀይማኖት በስልኳ ቆጠረች።

«ሰማንያ አራት» አለች።

«ትከሻህ ትምህርቱን አላቋረጠም» አልሁት ጥጋቡን። አቀርቅሮ የሚበይድበትን እስታኞ ማቅለጥ ቀጠለ፤ ጆሮው ግን ቀላ።

ረቡዕ ገጠምናቸው። ጽሕፈት ስለሚሆንልኝ ገመዶቹን መለየት ለእኔ ተሰጠ። በብራና ቅዳጅ ላይ «ቀኝ» እና «ግራ» እያልሁ ጽፌ በየገመዱ ጫፍ አሰርሁ፤ በመጀመሪያ ከሞተሩ ፊት ቆሜ የፊቶቹን፣ ቀጥሎም ወደ ጀርባው ዞሬ የኋላዎቹን። ጥጋቡ ያንን እያነበበ አገናኘ። እንዲፈተንም ሀይማኖት ተቀመጠችበት፤ እኔ ከፊት፣ ጥጋቡ ከኋላ ቆምን። የቀኙን ተጫነች።

«ቀኝ» አልሁ ከፊት።

«ቀኝ» አለ ጥጋቡ ከኋላ።

የግራውንም እንዲሁ ተስማምተን መሰከርን። የሁለት ሰው ምስክርነት ይበቃልና ደስ ብሎን ተለያየን።

ሐሙስ ማለዳ ወደ መካነ ኢየሱስ የተጓዝሁት ከሀይማኖት ኋላ ተቀምጬ ነው። ስፌቱ ቢላላ የሚያጠብቅ ሰው ያስፈልጋል ብዬ ነበር ምክንያቴ። ሄልሜት በጥምጥም ላይ አይገባምና ጥምጥሜን ፈትቼ ከብብቴ ሥር አደረግሁት። የሚያውቁኝ ሰዎች በየመንገዱ ቆመው ቀሩ። መንገዱ ድንጋይና አቧራ ነው፤ እኔ ግን በየኩርባው ሞተሩ ሳይሆን ቆርቆሮው ይወድቅ ይሆን እያልሁ አንገቴን ወዲያና ወዲህ ሳሰግግ ደረስን። ከተማው መግቢያ ላይ ፍሬቻ አብርተን ስንታጠፍ አንድ የባጃጅ ሾፌር ከፊታችን መጥቶ ጡሩምባውን ደጋግሞ ነፋ፤ እጁንም አወናጨፈ። የአክብሮት ሰላምታ መስሎኝ መቋሚያዬን አንሥቼ አጸፋውን መለስሁለት።

መርማሪው በላይነህ የሚባል፣ ሰሌዳና ብዕር የያዘ ጎልማሳ ነበር። ፊቱ አይቈጣም፤ አይስቅምም። ፍሬኑን ሞከረ፤ ጡሩምባውን ሰማ። ፍሬቻው ጋ ሲደርስ በጥፍሩ ብራናውን መታ መታ አደረገው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ፍሬቻ» አለች ሀይማኖት።

«ከየት ተገዛ?»

«አልተገዛም፤ ተሠራ።»

ከፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ አፈሰሰበት። ውኃው እንደ ዶቃ ተንከባለለ። ርቆ ቆሞ መልኩን አየ። ሰዓቱን ይዞ ቆጠረ፤ በግማሽ ደቂቃ ዐርባ ሁለት። ሁሉንም በሰሌዳው ላይ ጻፈ። እኔም በልቤ ተመስገን ማለት ጀምሬ ነበር።

«ቀኝ አብሪ» አላት። ከፊት አየ። ወደ ኋላ ዞረ። እንደገና ወደ ፊት ተመለሰ። «ይህ ሞተር ከፊቱ ወደ ግራ፣ ከኋላው ወደ ቀኝ ይሄዳል። መንታ መንገድ ሲደርስ ለሁለት ሊከፈል ነው?»

በሰልፍ የነበሩት ሳቁ። ሀይማኖት ከሞተሩ ወርዳ አየችውና ሄልሜቷን አውልቃ መሬት ላይ አስቀመጠች። ከሣቁ ይልቅ ይህ ወጋኝ።

«ጌታው፣ ተሳስተሃል» አልሁ። ከሞተሩ ፊት ቆሜ ቀኝ እጄን ዘረጋሁ። «ቀኙ ይኸው፣ በቀኜ በኩል የተገጠመው ነው።»

በላይነህ በትሕትና ክንዴን ያዘኝ። «አባቴ፣ እስቲ ሞተሩ ላይ ይቀመጡ።»

ተቀመጥሁ።

«አሁን ቀኝ እጅዎን ያንሡ።»

አነሣሁ። እጄ የተዘረጋው «ግራ» ብዬ በጻፍሁበት ፍሬቻ ላይ ነበር።

ጥፋቴ ያን ጊዜ ተገለጸልኝ። ዐርባ ዓመት በማኅሌት መሪጌታ ሆኜ ከመዘምራኑ ፊት ለፊት ቆሜአለሁ። እኛ ዘንድ የቀኝና የግራ ረድፍ የሚሰየመው በመሪው እጅ ነው፤ በመሪጌታው ቀኝ የቆመ ሁሉ የቀኝ ነው። ሞተሩንም ከፊቱ ስቆም እንደ መዘምራን ቆጥሬ በራሴ እጅ ሰየምሁት። ከኋላው ስዞር ደግሞ ሳላውቀው ትክክለኛውን ጻፍሁ። ስንፈትነውም እኔ በራሴ ቀኝ፣ ጥጋቡ በሞተሩ ቀኝ መሰከርን፤ በቃል ተስማማን፤ በብርሃን ተለያየን። የቆርቆሮው ጀርባ ድፍን ስለሆነ ሀይማኖት ከኮርቻው ላይ የፊቱን ብልጭታ ማየት አትችልም ነበር። የባጃጁ ሾፌር ግን አይቶ ኖሯል።

«ስንት ሞተር ይቀርሃል?» ብዬ በላይነህን ጠየቅሁት።

«ሦስት። እነርሱን ጨርሼ እሄዳለሁ።»

«እንግዲያው የእኛን በሰሌዳህ ላይ አትዝጋው።»

ጥቂት አየኝና ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አነሣ። «እስክጨርስ» አለ።

ጥጋቡ በወገዳ ነው፤ ካውያም አልያዝንም። ነገር ግን የፊቶቹ መገናኛዎች ከንዝረት ይጠበቁ ዘንድ ተጠማዝዘው በጅማት የታሰሩት፣ በሰምም የተዘጉት በእኔ እጅ ነበር። የታሰረ ነገር ይፈታል። የብራና መቅደጃ ካራዬን ከኪሴ አወጣሁ። ሀይማኖት ባትሪውን ለየች፤ እኔ መሬት ተንበርክኬ ሰሙን ፋቅሁ፤ ጅማቱን ቆረጥሁ። ገመዶቹን አለዋወጥናቸው። ሰሙን መልሰን ለማቅለጥ ያበራናት የጧፍ ቍራጭ በነፋሱ እየጠፋች አስቸገረችን፤ ከሰልፉ አንዱ ባለ ሞተር መጥቶ በጃኬቱ ከለላት። አሁን የሚስቅ ሰው አልነበረም። በላይነህ የመጀመሪያውን ሞተር ጨረሰ፤ ሁለተኛውን ጨረሰ። ለእጄ ግን ቀጭን ነገር ማሰር የለመደው ሥራው ነው። ሦስተኛው ሞተር ጡሩምባውን ሲነፋ የመጨረሻውን ቋጠሮ በጥርሴ አጠበቅሁ።

ሀይማኖት ከኮርቻው ሆና ጠየቀችኝ። «የኔታ፣ አሁን ቀኝ ስንል የማን ቀኝ ነው?»

«የተጓዥ» አልኋት። «አንቺ ቀኝ እጅሽን አንሺ፤ እኔ እርሱን አይቼ እመሰክራለሁ።»

አነሣች። ተጫነች። ከፊት በቀኝ እጇ በኩል በራ፤ ዞሬ ሄድሁ፤ ከኋላም በዚያው በኩል በራ። በላይነህ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ኖሯል። ግራውንም አስሞከረ። ከዚያ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ፈረመ፤ ቦሎውንም ከሰሌዳው ሥር አውጥቶ ለሀይማኖት ሰጣት።

ሰልፈኞቹ አጨበጨቡ። ጧፏን የከለለልን ሰው እልል አለ፤ ወንድ መሆኑን ረስቶ። በላይነህ ሊሄድ ሲል ተመልሶ የፊቱን ፍሬቻ አንድ ጊዜ በጥፍሩ መታ።

«ይህ ነገር ከምን እንደተሠራ አልነገራችሁኝም።»

«ብራና ነው» አልሁት።

«ስንት ዓመት ይቆያል?»

«አያቴ የፋቁት እስከ ዛሬ ይነበባል።»

ያን ጊዜ ሳቀ።

ወገዳ ስንደርስ ጥጋቡ ከሱቁ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ቦሎውን ካየ በኋላ የሆነውን ሁሉ ሀይማኖት ነገረችው። እጁን በአፉ ላይ ጭኖ ሰማ።

«ታዲያ የኔታ» አለኝ፣ «ያስተማሩኝ ሁሉ ግራ ቀኙ የተገለበጠ ነው ማለት ነው?»

«አንተ ካልጨረስኸው በምን ታውቀዋለህ? እሑድ ና፣ ከተውኸው እንጀምር።»

መጣ። ድምፁ ሻክሯል፤ ትከሻው ግን ቦታውን ያውቃል።

ሀይማኖት ዓርብ ማለዳ የበረዶ ሣጥኗን ከኮርቻው ጋር አሥራ ወደ ገደሉ ወረደች። በረዶውን ለመቀየር በየማታው ወገዳ እየተመለሰች አራቱንም አጥቢያዎች በስድስት ቀን ከተበች። አንድም በሬ ሳይወድቅ ጥቅምት አለቀ። ከታች የመጡት ሰዎች ገብሱ እስኪታጨድ ጥማዶቻቸው ሙሉ እንደሆኑ ሲነግሩኝ በአፋፉ ላይ ቆሜ ማሳቸውን አየሁ።

በስድስተኛው ቀን ወደ ማታ ቦራን ከወንዝ ስመልስ ሞተሩ ዳገቱን ሲወጣ ሰማሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ በዚያ ሰዓት ከእኔና ከበሬው በቀር መንገደኛ አልነበረም። ሆኖም ሀይማኖት የቀኙን አበራች። ብርቱካኑ ብርሃን ከፊትም ከኋላም በአንድ ወገን፣ በአንድ ምት በራ፣ ጠፋ፣ በራ። መቋሚያዬ ሳላዝዛት ድንጋዩን ስትመታ አገኘኋት።

ቦራ ቆሞ በትኩረት ተመለከተው። እኔም ጥምጥሜ ወደ ዓይኔ ቢወርድም ገመዱን በሁለት እጄ ያዝሁ።